የእናት ድካም በሠዓሊ ዐይን

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወዳጃችንን ለመጠየቅ ወደ ቤቱ ሄደን ሳለ፥ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የታተመ ሥዕል ተመለከትን። ሥዕሉ ሦስት ሴቶች በታጨደ እርሻ መካከል ጎንበስ ብለው ከመሬት አንዳች ነገር ሲለቅሙ የሚያሳይ ነው። የቤቱ ወጣት ልጅ ሥዕሉ በፈረንሳይ አገር የተሣለ መሆኑን፥ የሠዓሊውን ስምና ዋናው ሥዕል የሚገኝበትን ቤተ መዘክር ጭምር በትምህርት ቤት እንደ ተማረው አድርጎ በትሕትና ያስረዳን ጀመር። በክፍሉ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት አያቱ ግን እንዝርታቸውን አቆም አድርገው፥ «ልጄ፥ ስሙንና አገሩንስ አንተ ዕወቀው፤ ሥራውን ግን እኔ ዐውቀዋለሁ። እነዚህ ቃራሚዎች ናቸው። ያች ጥቂት ቀና ያለችው ወገቧ ቢዝልባት ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ እፍኝ መጨመር ስላለባት ግን ተመልሳ ትጎነበሳለች» አሉ።

እኛም ይህን ቃል ከሰማን በኋላ ብዙ አሰብን። ስለዚህ ሥዕል ሊቃውንት ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ነገር ግን ፊደል ያልቈጠሩት እኚህ እናት በአንድ አፍታ ያዩትን ያህል ለማየት የቻለ ብዙ አይደለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሥዕሉ የተሣለው ስለ እርሳቸውና እርሳቸውን ስለ መሰሉ እናቶች ነውና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን የገጠር ቤት ሥራ፥ ይኸውም መጋገሩ፥ መናጡ፥ ውኃ መቅዳቱ፥ ማበጠሩና መቃረሙ፥ በአውሮፓ ሠዓሊዎች ዘንድ እንዴት ለሥዕል የተገባ ነገር ሆኖ እንደ ተቈጠረ፥ ለዚህም ሥራ ዕድሜውን የሰጠው ሰው ምን ዋጋ እንደ ከፈለበት ለውድ አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአውሮፓ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዘመን የጸና አንድ ሥርዐት ነበረ። በዚያ ሥርዐት መሠረት ከሥዕል ሁሉ የከበረው የቅዱሳት መጻሕፍትንና የጥንት ነገሥታትን ታሪክ የሚያሳየው ነው፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ የታላላቅ ሰዎች መልክ፥ ከዚያም ዝቅ ብሎ የዕለት ኑሮ፥ የመልክአ ምድርና የዕቃ ሥዕል ይመደብ ነበር። የቤት ሥራ በሥዕል ውስጥ ከቶ አልታየም ማለታችን አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ አገር ዮሐንስ ፌርሜር አንዲት የቤት ሠራተኛ ወተት ስትቀዳ ሥሏል፤ በ18ኛው መቶ ዓመትም በፈረንሳይ ዣን ሲሜዮን ሻርዳን ልጆቿን ከማዕድ በፊት የምታስጸልይ እናትን ሥሏል። ነገር ግን እነዚህ ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው። ገበሬውም በብዙ ሥዕል ውስጥ የሚታየው ሰክሮ ሲጨፍር ለሣቅ፥ ወይም ንጹሕ ልብስ ለብሶ ዋሽንት ሲነፋ ለጌጥ ነበር። ወገቧ የጎበጠውን፥ እጇ የሻከረውን ሴት እንደ ታላቅ የታሪክ ሰው ከፊት አቁሞ ማሳየት የተስፋፋው፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መካከል ሪያሊዝም የተባለው፥ ነገሩን ሳይሸልሙ እንዳለ የማሳየት ስልት በተነሣ ጊዜ ነው።

ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ኦርቶዶክሳዊት በሆነችው በሩሲያ አንድ ሠዓሊ በዚህ መንገድ ተጉዞ ነበር። አሌክሴይ ቬኔጽያኖቭ የተባለው ይህ ሰው የመንግሥት ሥራውን ትቶ በትቬር አውራጃ ወደሚገኘው ርስቱ ገባና በ1820ዎቹ ዓመታት ገበሬዎችን በእርሻና በመውቂያ ቤት፥ ሴቶችንም ቀይ ሥር ሲልጡ ሣለ። የመውቂያውን ቤት በሚሥልበት ጊዜ ብርሃኑ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አጥርቶ ለማየት የአንዱን ወገን ግድግዳ እንጨት አስቈርጦ እንዳስወጣ ይነገራል። ለቤተ ክርስቲያንም ቅዱሳት ሥዕላትን ይሥል ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጭሰኛ ልጆችን ወደ ቤቱ ሰብስቦ ሥዕል ማስተማሩ ነው። በፈረንሳይም ጉስታቭ ኩርቤ በ1854 ዓ.ም. እህል የሚያበጥሩ ሴቶችን ሣለ። በዚያ ሥዕል ቀይ ልብስ የለበሰች ሴት በተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ላይ ተንበርክካ ታላቁን ወንፊት በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ትነፋለች፤ ጀርባዋን ወደ እኛ ስለ ሰጠች ፊቷን አናይም፤ የክንዷን ኀይል ግን እናያለን።

የሠዓሊው አስተዳደግ

ነገር ግን የገጠር እናቶችን ሥራ እንደ ዣን ፍራንሷ ሚሌ አድርጎ ዕድሜውን ሁሉ የተከተለ ሠዓሊ አናገኝም። የቃራሚዎቹን ሥዕል የሣለው እርሱ ነው። ሚሌ በ1814 ዓ.ም. በኖርማንዲ ምድር፥ ከባሕር አጠገብ ግሩሺ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ። እናቱ ከአባቱ ጋር በእርሻ ስለሚውሉ ሕፃኑን በአብዛኛው ያሳደጉት አያቱ ናቸው። እኚህ አያት በጸሎትና በምጽዋት የጸኑ ሴት ነበሩ። ማለዳ ማለዳ ወፎቹ ፈጣሪያቸውን ማመስገን ከጀመሩ ብዙ ጊዜ መሆኑን እየነገሩ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱት እንደ ነበር፥ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ወዳጁ አልፍሬድ ሳንሲዬ አስታውሷል።

ሚሌ ከወንዶቹ ልጆች የበኵር ስለ ነበረ ከአባቱ ጋር ያርስ፥ ያጭድ፥ ይወቃም ነበር። ከሰበካው ካህናት ላቲን ተምሮ መጽሐፍ ቅዱስን ያነብ ነበር፤ ይህንም ንባብ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም። ወደ 20 ዓመት ዕድሜ ሲጠጋ አባቱ የልጁን ስጦታ ተመልክተው ሸርቡር ወደምትባል ከተማ ለሥዕል ትምህርት ወሰዱት። በ1835 ዓ.ም. አባቱ ሲሞቱ የቤቱን ሸክም ልሸከም ብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ነገር ግን አያቱ እግዚአብሔር የሰጠውን ስጦታ እንዳይጥል መክረው ራሳቸው መልሰው ሰደዱት። በ1837 ዓ.ም. ከሸርቡር ከተማ ምክር ቤት የገንዘብ ርዳታ አግኝቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም ብዙ ዓመት የሰዎችን መልክና ገዢዎች የሚወዱትን ሁሉ እየሣለ በችግር ኖረ። በ1849 ዓ.ም. ግን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከፓሪስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፎንቴንብሎ ጫካ ዳር ወደምትገኝ ባርቢዞን ወደምትባል መንደር ሄደ። የቀረውን ዕድሜውንም በዚያው ፈጸመ።

እንግዲህ ይህ ሰው የገጠርን ኑሮ ከሩቅ ቆሞ ያደነቀ የከተማ ሰው አይደለም። ማጭድ የያዘ እጅ ነበረው። ነዶ ማሰር ጀርባን እንዴት እንደሚያቃጥል፥ የሞላ ባልዲ ትከሻን ወደ ታች እንዴት እንደሚጎትት በገላው ያውቀዋል። የሥዕሎቹም እውነት የሚመነጨው ከዚህ ዕውቀት ነው።

ምድጃና ገበታ

በ1854 ዓ.ም. የሣላት አንዲት ሴት ዳቦዋን ረዥም እጀታ ባለው እንጨት ወደ ጋለው ምድጃ ታስገባለች። ይህ ሥዕል ዛሬ በሆላንድ አገር በክሮለር ሙለር ቤተ መዘክር ይገኛል። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሴቲቱ እንደ ምሰሶ ጸንታ ቆማለች። እግሯን ከፈት አድርጋ መሬቱን ረግጣለች፤ ክንዷም ያለማመንታት ይገፋል። ከምድጃው አጠገብ ያደገች አንባቢ ይህን ስታይ የእሳቱ ወላፈን ፊቷን ሲመታት ይታወቃታል። የእኛ እናት በምጣዱ ላይ ሊጡን አዙራ አክንባሎውን ስትከድን የምታሳየው እርጋታ ይኸው ነው፤ ሥራውን ሺህ ጊዜ የሠራች ሰው እርጋታ።

ሚሌ ቅቤ የምትንጥ ሴትንም ደጋግሞ ሥሏል። በአገራቸው የመናጫው ዕቃ ቁመቱ ረዘም ያለ የእንጨት ዕቃ ነው። ሴቲቱ ቆማ አንድ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ትመታለች፤ በእኛ አገር ግን ቅሉ ወይም ማሰሮው ራሱ ይናጣል። መሣሪያው ቢለይም ትዕግሥቱ አንድ ነው፤ ቅቤው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው የክንዷ ስሜትና የጆሮዋ ልምድ ነውና። ድመት ከቀሚሷ ጋር ስትታከክ እንኳ እርሷ ዞር ብላ አታይም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የእናትን ልብ የሚነካው ግን በ1860 ዓ.ም. አካባቢ የተሣለው፥ ዛሬ በሊል ከተማ ቤተ መዘክር የሚገኘው ሥዕል ነው። ሦስት ትንንሽ ልጆች በቤታቸው ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናታቸው በፊታቸው በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ሆና በእንጨት ማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። መካከለኛው አፉን እንደ ጫጩት ከፍቶ ወደ ማንኪያው ይንጠራራል፤ ሁለቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሠዓሊው ሥዕሉን የሰየመው ወፍ ጫጩቶቿን በመንቈሯ በምትመግብበት ቃል ነው። ከቤቱ ጀርባ፥ በአትክልቱ ቦታ፥ አባትየው ሲቈፍር በሩቁ ይታያል። እናት የምታጎርሰው አባት ከሚቈፍረው ነው፤ አባትም የሚቈፍረው እናት የምታጎርሳቸው ስላሉ ነው። ስለ ትዳር ብዙ ስብከት ተሰብኳል፤ ይህን ያህል በአጭሩ የተናገረ ግን ጥቂት ነው።

ሚሌ ከጕድጓድ ውኃ ቀድታ ስለምትመለስ ሴት የሣለውን ሥዕል ለአንድ የሥዕል ሐያሲ በደብዳቤ አስረድቶ ነበር። የደብዳቤውም አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ይህች ሴት ውኃ በማመላለስ የምትተዳደር ተቀጣሪ አይደለችም፤ ለባሏና ለልጆቿ ሾርባ የምትሠራበትን ውኃ ቀድታ የምትመለስ የቤት እመቤት ናት። ስለዚህ የምትሸከመው ክብደት ከሞሉት ባልዲዎች ክብደት እንዳይበልጥም እንዳያንስም፥ ፊቷም የሰማዕት ፊት እንዳይመስል፥ ሥራውን እንደ ዕለት ተግባሯ በቅንነት የምትፈጽም መሆኗ እንዲታወቅ ፈለገ። ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህ ትልቅ አስተያየት ነው። የእናትን ሥራ የሚያዋርደው የሚንቀው ብቻ አይደለም፤ እያለቀሰ የሚያዝንላትም ሳያውቅ ያዋርዳታል። ሚሌ አልናቃትም፥ እንዲያው በከንቱም አላለቀሰላትም፤ ክብደቱን በትክክል መዘነ።

ሩትና ቃራሚዎቹ

በ1853 ዓ.ም. ሚሌ በፓሪስ የመንግሥት የሥዕል ትርኢት ላይ በነዶ ክምር ሥር ተቀምጠው ምሳ የሚበሉ አጫጆችን የሚያሳይ ሥዕል አቀረበ። በሥዕሉ ጥግ አንድ ሰው አንዲት ዓይን አፋር ሴትን ወደ ማዕዱ ያቀርባታል። ይህ ሥዕል በመጀመሪያ የተሰየመው በሩትና በቦዔዝ ስም ነበረ፤ ዛሬ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይገኛል። መጽሐፈ ሩትን የምታነቡ ሁሉ ታሪኩን ታውቃላችሁ። ሞዓባዊቱ ሩት ለአማቷ ለኑኃሚን የሚበላ ፍለጋ ከአጫጆች ኋላ እየተከተለች ቃረመች፤ ቦዔዝም ሆን ብለው ከነዶው እንዲያስቀሩላት ሎሌዎቹን አዘዘ። ከዚያም በፊት በኦሪት ዘሌዋውያን ባለ እርሻው ቃርሚያውን ለድኻና ለስደተኛ እንዲተው ታዟል።

ይህ ሕግ በፈረንሳይ አገርም በልማድ ጸንቶ ነበር። ድኾች፥ ይልቁንም ሴቶችና ልጆች፥ አዝመራው ከተነሣ በኋላ የወደቀውን ዘለላ እንዲለቅሙ ይፈቀድላቸው ነበር። በ1857 ዓ.ም. ሚሌ ያቀረባቸው ሦስቱ ቃራሚዎች እነዚህ ናቸው። ሥዕሉ ቁመቱ 84 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ ስፋቱም 110 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በሩቁ የነዶ ክምር እንደ ኮረብታ ቆሟል፤ ጋሪው ሞልቷል፤ ብዙ አጫጆች በብርሃን ውስጥ ይርመሰመሳሉ፤ በቀኝ በኩል በፈረስ የተቀመጠ አለቃ ይቈጣጠራል። ከፊታችን ያሉት ሦስቱ ሴቶች ግን ከዚያ ሁሉ በረከት የተረፈውን አንድ አንድ ዘለላ ይለቅማሉ። ራሳቸውን በሻሽ አስረዋል፤ ሁለቱ እስከ መሬት ጎንብሰዋል፤ ሦስተኛይቱ ጥቂት ቀና ብላለች። ቦዔዝ በዚህ ሥዕል ውስጥ የለም። ወደ ማዕድ ና የሚላቸው አልተገኘም።

ሥዕሉ በታየ ጊዜ ብዙ የከተማ ሰዎች ተቈጡ። የ1848ቱ አብዮት ካለፈ ገና 9 ዓመት ብቻ ስለ ሆነው የድኻ መልክ ባለጠጎችን ያስፈራ ነበር። አንድ ሐያሲ ሴቶቹን በጥንት ተረት የሰውን ዕድል ከሚፈርዱት ሦስት አማልክት ጋር አመሳስሎ የድህነት ምልክት ናቸው ሲል ዘለፋቸው። ሚሌ ሥዕሉን የሸጠው በ3,000 ፍራንክ ነው። እርሱ ግን አመፅ ለማስነሣት እንዳልሣለ፥ ያየውን ብቻ እንደሣለ ደጋግሞ ተናገረ። በ1863 ዓ.ም. በዶማው ተደግፎ ስለሚያርፍ ገበሬ የሣለው ሥዕል እንደዚሁ በተነቀፈ ጊዜም ለወዳጁ ጽፎ አስረዳ። የሜዳውን አበባ ውበት እንደ ሌላው ሰው እንደሚያይ፥ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሹ ሲሰማ የዋለውን፥ አፍታ ለመተንፈስ ወገቡን ቀና ሊያደርግ የሚሞክረውን ሰውም እንደሚያይ ገለጠ። ይህን ስናነብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ የነበሩት እናት ቃል ትዝ አለን። እርሳቸው ደብዳቤውን አላነበቡም፤ ነገር ግን ሠዓሊው ያየውን ያንኑ ወገብ አዩ።

የደወሉ ሰዓት

ከሚሌ ሥዕሎች ሁሉ በዓለም የታወቀው በ1857 እና በ1859 ዓ.ም. መካከል የተሣለው የማታ ጸሎት ሥዕል ነው። ባልና ሚስት በእርሻ ላይ ድንች ሲለቅሙ ውለው፥ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ ሥራቸውን አቁመው ይጸልያሉ። ባልየው ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል፤ ሚስትየው እጆቿን በደረቷ ላይ አጋጥማ አንገቷን ደፍታለች። መንሹ በመሬት ተተክሏል፤ ቅርጫቱ ከእግራቸው ሥር ነው፤ ጆንያዎቹ በጋሪው ላይ ናቸው። ጸሎቱ በካቶሊካውያን ዘንድ በጠዋት፥ በቀትርና በማታ የሚደረስ፥ መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ያቀረበውን ሰላምታ የሚያስታውስ ነው። እኛም የመልአኩን ሰላምታ ዘወትር የምናቀርብ ስለ ሆንን የዚህ ሥዕል መንፈስ እንግዳ አይሆንብንም። ሚሌ ሥዕሉን ያሰበው አያቱን በማስታወስ ነበር። እኚያ አያት በእርሻ ላይ ሳሉ ደወሉን ሲሰሙ ቤተሰቡን ሁሉ ከሥራ አስቁመው ስለ ሙታን ያስጸልዩ ነበርና።

የዚህ ሥዕል ዋጋ ታሪክ ደግሞ ሊነገር የሚገባው ነው። ሥዕሉን ያዘዘው አሜሪካዊ ሳይወስደው ቀረ፤ በ1860 ዓ.ም. በ1,000 ፍራንክ ተሸጠ። በ1889 ዓ.ም. ይኸው ሥዕል በጨረታ 553,000 ፍራንክ አወጣ። በዚያን ጊዜ ሠዓሊው ከሞተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከዚያም ገንዘብ ለቤተሰቡ የደረሰ አልነበረም። ይህን የመሰለ ነገር የብዙ ሰዎችን ኅሊና ስለ ነካ፥ በ1920 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሥዕል እንደ ገና በሚሸጥበት ጊዜ ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ድርሻ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ዛሬ ይህ ሥዕልና የቃራሚዎቹ ሥዕል ሁለቱም በፓሪስ በኦርሴ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

የምትጠብቅ እናት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። ሚሌ የአያቱንና የእናቱን ሥራ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። ነገር ግን ድህነት እጅና እግሩን አስሮት ስለ ነበረ በ1851 ዓ.ም. አያቱ ሲሞቱ ወደ ግሩሺ ሊሄድ አልቻለም። እናቱ ከዚያ በኋላ ናፍቆታቸውን እየገለጡ መቼ እንደሚመጣ በደብዳቤ ይጠይቁት ነበር። እርሱም ዛሬ ነገ ሲል፥ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ሲፈልግ፥ በ1853 ዓ.ም. እናቱም ዐረፉ። ዐይናቸው መንገዱን እንዳየ ቀረ። በ1854 ዓ.ም. ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄደ፤ የሄደው ግን ወደ ባዶ ቤት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1861 ዓ.ም.፥ ሚሌ ከመጽሐፈ ጦቢት የተወሰደ አንድ ሥዕል በትርኢት ላይ አቀረበ። ይህ መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ስለ ሆነ ታሪኩ ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም። ጦቢት ዐይኑ በታወረ ጊዜ ቤቱን ያኖረችው ሚስቱ ሐና ናት፤ የሴቶችን የእጅ ሥራ እየሠራች በምታገኘው ደመወዝ ታስተዳድረው ነበር። ልጃቸው ጦብያ ሩቅ አገር ሄዶ በዘገየ ጊዜም ሐና ዕለት ዕለት እየወጣች የሄደበትን መንገድ ትመለከት ነበር። ሚሌ እነዚህን ሁለት ሽማግሌዎች የሣላቸው በኖርማንዲ ገበሬዎች ልብስ፥ እርሱ በተወለደበት አገር ቤት ደጃፍ ላይ አድርጎ ነው። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። አሮጊቷ ከቤት ወጥታ መንገዱን አሻግራ ትመለከታለች፤ ዕውሩ ሽማግሌ በበትሩ እየዳሰሰ ከበሩ ይወጣል። መንገዱ ባዶ ነው። ይህ ሥዕል ዛሬ በአሜሪካ በካንሳስ ከተማ በኔልሰን አትኪንስ ቤተ መዘክር ይገኛል። በመጽሐፉ ውስጥ ጦብያ ይመለሳል፤ የአባቱም ዐይን ይበራል። የሠዓሊው እናት ግን የጠበቁት ልጅ አልደረሰም። ስለዚህ ይህ ሥዕል የንስሓ ጸሎት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

በራሱ ቤት ውስጥም እንደዚሁ አንዲት ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1844 ዓ.ም. ሞታበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አብራው የኖረችው ካትሪን ለሜር ዘጠኝ ልጆች ወልዳ አሳደገች። እርሱ የሌሎችን ሴቶች መጋገርና መስፋት ሲሥል፥ በጓዳው የምትጋግረውና የምትሰፋው፥ ብድሩንም ተሸክማ የምታድረው እርሷ ናት። ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የተፈጸመው በ1875 ዓ.ም. በጥር 3 ቀን፥ እርሱ በታመመበት አልጋ አጠገብ ነው፤ በዚያው ወር በ20ኛው ቀን ዐረፈ። ሠዓሊው ካሚል ኮሮ፥ ራሱም ሊሞት ጥቂት ሳምንት የቀረው ሽማግሌ ሳለ፥ ለመበለቲቱ 10,000 ፍራንክ ሰጣት። በቃርሚያው ሥዕል ውስጥ ያልተገኘው ቦዔዝ በዚህ ቤት ደጃፍ ተገኘ ማለት ይቻላል።

ቫን ጎህ የተባለው የሆላንድ ሠዓሊ በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. በሕመምተኞች ቤት ሳለ፥ የሚሌን ሥዕሎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት እያየ ወደ ሃያ የሚጠጉትን በራሱ ቀለም መልሶ ሣላቸው። ልቡ በተጨነቀ ጊዜ መጽናኛ አድርጎ የመረጠው የገበሬዎችን ሥራ መሆኑ ያስደንቃል። በእርግጥም በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የሚያጸና ነገር አለ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳንናገር ብንቀር እውነቱን ሸሸግን ማለት ይሆናል። ሥዕል ድካምን ያከብራል እንጂ ድካምን አያቀልም። የቃራሚዎቹን ሥዕል በወርቅ ክፈፍ አድርጎ የሰቀለ ሰው ከደጁ የቆመችውን ቃራሚ ላያያት ይችላል። እንዲሁም እኛ ስለ እናታችን እጅ የሚያምር ነገር ስንናገርና ስንጽፍ፥ እንስራውን ከጀርባዋ ለማውረድ ያልተነሣን እንደ ሆነ፥ ምስጋናችን ባዶ ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ ወፍጮው የሞተር ሆኗል፤ ቧንቧም የገባለት መንደር አለ። ነገር ግን ውኃ ከሩቅ ወንዝ የምትቀዳ፥ እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናትና ልጃገረድ በአገራችን ገጠር ዛሬም ብዙ ናት። እርሷን በሥዕል ሳይሆን በመንገድ ስናገኛት ምን እናደርጋለን? ጥያቄው ይህ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ልጆቻችሁ የቤቱን ሥራ፥ ወንዱም ሴቷም፥ እንደ ክብር እንጂ እንደ ውርደት እንዳያዩት አስተምሯቸው። በከተማ ወይም በባዕድ አገር ያላችሁ ልጆችም፥ መንገዳችሁን የምታይ እናት ያለቻችሁ እንደ ሆነ፥ ዛሬ ነገ አትበሉ። ሚሌ ገንዘብ አጥቶ ቀረ፤ ብዙዎቻችን ግን የምንቀረው ጊዜ የለንም ብለን ነው።

በዚያች ምሽት ከወዳጃችን ቤት ልንወጣ ስንነሣ፥ ወጣቱ ልጅ ከአያቱ አጠገብ በመሬት ላይ ተቀምጦ ባዘቶውን እያቀረበላቸው አየነው። አያትየውም፥ «ተው ልጄ፥ ጥናትህን አጥና» ይሉታል። እርሱ ግን፥ «እማማ፥ ይህንንም እያጠናሁ ነው» አላቸው። እኛም ተሰናብተን ወጣን።